የምጥ ቃል

ነሲባ ሰው ትንቅ ነበር። ይህን የማያውቅ የወይራ አምባ ሰው የለም፤ ምጥ ሲመጣ ግን ሌላ ደጅ የሚመታ አልነበረም። ክርስቲያኑም እስላሙም ወደ እሷ ይሮጣል። እሷም ምላጯን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሻሿን አጥብቃ ትመጣና ደጃፍ ላይ የተኮለኮሉትን ወንዶች እንደ ዶሮ እሽ ብላ በትና ትገባለች። ጭሰኛ ነው፣ ባለርስት ነው፣ ሼህ ነው፣ ቄስ ነው አትልም።

«ሁሉንም ሲወጡ አይቻቸዋለሁ» ትላለች። «አንዱም ካባ ለብሶ አልወጣ።»

ወይራ አምባ ከመካነ ሰላም ቁልቁል ተወርዶ ገደል አፋፍ ላይ የተለጠፈች መንደር ናት። ገበያዋም፣ ዳኛዋም፣ ሐኪም ከተባለ ሐኪሟም ያለው መካነ ሰላም ነው። ያን ዳገት ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት አትወጣውም። ስለዚህ አዋላጇ ነሲባ ናት። ከእሷ በፊት እናቷ ነበረች።

እናቷ ብዙ አላስተማረቻትም። እጅሽን ሳትታጠቢ አትንኪ አለቻት። የራባትን ሴት ግፊ አትበያት፤ መጀመሪያ አጉርሻት። የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ ቤትሽ ቢቃጠልም ከአጠገቧ አትነሺ። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ነገር ትደጋግምላት ነበር፤ «የምጥ ቃል ከእንግዴ ልጅ ጋር ይቀበራል።»

በዚያ አገር ምጥ ሲጠና «የደበቀችው ነገር አለ» ይባላል። ባልቴቶች ሴቲቱን ይከቧትና «ተናገሪ፣ ይፈታልሽ» እያሉ ያስጨንቋታል። ሞት የፈራች ሴት ትናገራለች፤ ያደረገችውንም፣ ያላደረገችውንም ትናገራለች። ነሲባ በዚህ ነገር ከንፈሯን ታጣምም ነበር። «ማህፀን የንስሐ አባት አይደለም» ትላለች፤ «ጆሮ የለውም።» ቢሆንም ሴቶቹ መናገራቸው ስለማይቀር፣ ምጡ ሲጠና ቤቱን ታስለቅቅና የሚሰማውን ብቻዋን ትሰማለች። ልጁ ተወልዶ እናቲቱ ታጥባ ስታበቃ፣ ከቤቱ ጓሮ ጉድጓዱን ራሷ ትቆፍራለች። ዶማውን ለማንም አትሰጥም። የእንግዴ ልጁን ቀብራ፣ አፈሩን በተረከዟ ረግጣ፣ «ቃሉም እዚሁ» ብላ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ስለዚያች ሴት የጠየቃት ሰው ድንጋይ የጠየቀ ያህል ነው።

ክፉው ቀን የመጣው በስድሳ አምስትና በስድሳ ስድስት ነው። ከብቱ አለቀ፤ ለዘር የተቀመጠው ተበላ። ጉልበት የቀረው ወንድ ጥጥ ለቀማ ወደ ቆላ ወረደ። በኋላ መካነ ሰላም የእርዳታ ስንዴ መጣ ተባለ። እውነትም መጣ። ስንዴው መጋዘን ገባ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ምናለ እጅ ገባ።

ምናለ የወይራ አምባ ልጅ ነው። አራተኛ ክፍል ደርሶ ትምህርቱን ተወ፤ ለአንድ ሹም ሲላላክ ቆይቶ ካኪ ኮት ለበሰ፤ ከካኪው ጋር ቁልፉ ተሰጠው። ቁልፉን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ እያንሿሿ ይሄድ ነበር። መጋዘኑ ሁለት በር ነበረው። የፊት ለፊቱ በር ለሰልፈኛው ነው፤ ሰልፈኛው ሲደርስ ስንዴው አልቋል ይባላል። በጓሮው በር ግን ስንዴ አልቆ አያውቅም። በጓሮው በር የሚገቡት ወጣት ሴቶች ነበሩ። ይህን ከተማው ያውቃል፣ ገጠሩ ያውቃል፤ የሚናገር አልነበረም። የራበው ሰው ዓይኑ ያያል፤ አፉ ግን ሌላ ሥራ አለበት።

ፈንታው የተባለ ጎልማሳም ከወይራ አምባ ጥጥ ለቀማ ወርዶ ነበር። ሚስቱን ይታይሽን ከእናቱ ከሸጋዬ ጋር ትቷት ሄደ። መጋቢት ሲያልቅ የሁለቱ ሴቶች ማድጋ ባዶ ሆነ። ይታይሽ አቁማዳ ይዛ መካነ ሰላም ወጣች፤ ባዶውን መለሰችው። ሁለተኛ ወጣች፤ አሁንም ባዶውን መለሰችው። በሦስተኛው ስንዴ ይዛ መጣች። ሸጋዬ ስንዴውን ቆላችው፣ ፈጨችው፣ በላችው። ከየት መጣ፣ በየትኛው በር ወጣ ብላ አልጠየቀችም። ጥያቄ የሚመጣው ሆድ ከሞላ በኋላ ነው።

ፈንታው በሰኔ ዝናብ ወባ ይዞት ተመለሰ። ይታይሽ በጥር አማጠች።

ነሲባ ስትጠራ ጸሐይ ገና መውጣቷ ነበር። ስትደርስ ሸጋዬ ከሦስት ባልቴቶች ጋር ይታይሽን ከባ ነበር። ልጅቷ ከምሰሶው ተደግፋ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጣሪያ ላይ ቀርቷል።

«ምን በላች?» አለች ነሲባ።

«ምን ልትበላ ነው?» አለች ሸጋዬ። «መጀመሪያ ትናገር እንጂ። ይኸ ምጥ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የያዘችው ነገር አላት። ሰባት ወሯ ነው እያለችን እንዲህ ያለ ሆድ!»

«እኔ የጠየቅሁሽ ምን በላች ብዬ ነው።»

«ካልተናዘዘች አይፈታላትም እመት ነሲባ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው የራባት ሴት ልጅ መግፋት እንደማትችል ነው። ተነሺ። አጥሚት አፍሊና ከደጅ ሆነሽ አቀብዪኝ። እናንተም ውጡ። ማርያምን ደጅ ሆናችሁ ብትጠሯትም ትሰማለች፤ አልደነቆረች።»

ሴቶቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ነሲባ እጇን ታጠበች። አጥሚቱ ሲመጣ ጥቂት በጥቂት አጠጣቻት። «አብሽሪ ልጄ» አለቻት፤ «አብሽሪ። ልጁ ደህና ነው የሚመጣ። አንቺ ነሽ የደከምሽ።» ይታይሽ ግን ልቧ በባልቴቶቹ ነገር ተይዟል። ሳትናገር የምትሞት መሰላት። የነሲባን አንገት በሁለት እጇ ጎተተችና በጆሮዋ አንድ ስም ነገረቻት። ነሲባ አልጠየቀቻትም ነበር። ስትሰማም ፊቷ አልተለወጠም። «ነይ አሁን ጠጪ» ብቻ አለቻት።

ከቀትር በፊት ወንድ ልጅ ተወለደ። አጥሚቱ ነው ያስወለዳት። ይታይሽ ግን የተናገርሁት ነው ያስወለደኝ ብላ እስከ ዛሬ ታምናለች።

ልጁ ከሲታ ነበር። በዚያ ዓመት ሁሉም ልጅ ከሲታ ነው፤ እናቱ ያልበላችውን ከየት ያምጣው? ስለዚህ ለሌላ ሰው የደረሰ ይሁን ያልደረሰ የሚለይ አልነበረም። ነሲባ ግን ጥፍሩን አየች፤ የውስጥ እግሩን መስመር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ቀኑን የጨረሰ ልጅ ነው። በጨርቅ ጠቀለለችው። ሴቶቹን አስገብታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች፤ እስላም ብትሆንም ለክርስቲያን ሴት የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ ዶማዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።

ጉዳዩ እዚያ በቀረ ነበር። ነገር ግን በየካቲት አዋጁ ወጣ። መሬት የገበሬው ሆነ፤ ባለርስቱ ጠፋ፤ ከአዲስ አበባ ተማሪዎች መጥተው ሲያስተምሩ ሰነበቱና ማኅበር አቋቁመው ወደ ሌላ ቀበሌ አለፉ። ሊቀ መንበር ይመረጥ ሲባል ማንበብና መጻፍ የሚችል ተፈለገ። ምናለ ተመረጠ። ኮቱ ያው ካኪው ነው። ቁልፉም አልጠፋም፤ የመጋዘን ቁልፍ የነበረው የማኅበሩ ቤት ቁልፍ ሆነና አሁንም ቀበቶው ላይ ያንሿሿል። ትናንት የሹም አሽከር ሆኖ ስንዴ የደበቀ ሰው ዛሬ ሹም ረገመ፤ ሰው ደግሞ አጨበጨበለት። ነሲባ በዚያ ቀን በጉባኤው ዳር አለፈች። አላጨበጨበችም፤ አልተገረመችምም።

መሬቱ ሊደለደል ሲል ሸጋዬ ነቃች። ሆዷ ሞልቷል፤ ጥያቄዋ መጣ። ፈንታውን ይዛ «ይኸ ልጅ ያንተ አይደለም። አንተ በሰኔ መጣህ፣ እሱ በጥር ተወለደ። በሰው ልጅ ስም መሬት ልትቀበል ነው?» እያለች ጠዋት ማታ ወተወተችው። ፈንታው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ አለመሆን ግን ብቻውን ምን ያደርጋል? እናቱ ስትጮህ ክፉ ይሆናል፤ ሚስቱ ስታለቅስ ደግ ይሆናል። በመጨረሻ እናቱ በድምፅ በለጠችና ለማኅበሩ ሸንጎ ከሰሰ፤ ሚስቴ ትውጣልኝ፣ ልጁም የወለደው ይውሰደው አለ። የሸንጎው ሰብሳቢ ወንበር ላይ ያለው ምናለ ነው።

በማግስቱ ምናለ ነሲባ ቤት መጣ።

«እንደምን ዋሉ እመት ነሲባ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምን ጎደለህ?»

«እንዲያው ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ደግሞ አሁን ጓድ ነው የሚባል» ብሎ ሳቀ።

«ስትወለድ ገላህን ያጠብሁህን ጓድ አልልህም። ተናገር።»

ተቀመጠ። ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «የፈንታውን ነገር ሰምተዋል መቼም። እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ነው የተወለደ ቢሉ ነገሩ ያልቃል። የሴቲቱ ትዳር ይተርፋል፣ ልጁ አባት ያገኛል። እኔ ለይታይሽ አዝኜ ነው።»

«አዝነህ?»

«አዎን።»

«አያምርብህም። ልማድ የለህማ።»

ምናለ አልተቆጣም፤ የፈለገው ነገር ነበርና። «ከመንግሥት ለአዋላጆች ትምህርት ሊሰጥ ነው። ስምዎን ከፊት አደርገዋለሁ። መቀስ ይሰጥዎታል፣ ነጭ ልብስ ይሰጥዎታል።»

«በመቀስ እጦት ሳይቆረጥ የቀረ እትብት አለ? ያንተ ተቆርጧል።»

«እርስዎ ነገር ይወዳሉ። የድሮ አዋላጅ ይከልከል፣ ሕዝቡን ያሳስታል የሚሉም አሉ። እኔ ነኝ የያዝኋቸው።»

«ልቀቃቸው። ሚስትህ ስታምጥ ቃለ ጉባኤ ያዡን ትጠራዋለህ።»

ምናለ ወደ በሩ ተመለከተ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን... ይታይሽ የተናገረችው ነገር ነበር?»

የመጣበት ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ገለባ ነበር። ነሲባ አየችው። ስንዴ ሲያጎድል ያልፈራ ሰው፣ በጓሮ በር ሲያስገባ ያልፈራ ሰው፣ አሁን አንዲት አሮጊት ፊት ተቀምጦ ግንባሩ ያልበዋል። ሰውዬው ኃጢአቱን አልፈራም፤ ወንበሩን ነው የፈራው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት እንኳ ድካም ነው።

«የትኛው ቀን?» አለችው።

ምናለ ኮቱን አራገፈና ወጣ።

በማግስቱ ይታይሽ መጣች፤ ልጁን አዝላለች። ገብታ የነሲባ እግር ላይ ወደቀች።

«ተነሺ። እግሬ ምንም አያውቅም።»

«እማ ነሲባ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሉልኝ። ሳይደርስ ነው የተወለደ ይበሉልኝ። የነገርሁዎትን አይንገሩ፤ ይኸን ብቻ።»

«አልልም።»

«ያስወጡኛል። ወዴት ነው የምሄደው? እናት አባቴን ክፉው ቀን ጨረሳቸው። መሬቱም የሚሰጥ በባሌ ስም ነው። ይኸን ልጅ ይዤ መንገድ ላይ ልቀመጥ?»

«አውቃለሁ።»

«ውሸት ስለሆነ ፈርተው ነው?»

«እኔ ውሸት አልፈራም፤ ለባለርስቱ አሽከር ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ። ስሚኝ ልጄ። ዛሬ ላንቺ ደህናውን ከመሰከርሁ፣ ነገ ለሌላዋ ዝም ስል ዝምታዬ ክስ ይሆንባታል። ‹ደህና ቢሆን ኖሮ ለይታይሽ እንደተናገረች ለዚችም በተናገረች ነበር› ይላሉ። ክፉውን ብናገር ክፉ ነው። ደጉን መናገርም ያው ነው። አፌ ለአንዷ ከተከፈተ ለሁሉም ተከፈተ።»

«ሌላዋ!» ብላ ጮኸች ይታይሽ። «ሌላዋ ለኔ ምኔ ናት? እኔ ነኝ ያለሁት! እዚህ ፊትዎ ያለሁት እኔ ነኝ!»

ነሲባ ሰውን ሁሉ የምትንቅበት ንቀት ነበራት፤ ለዚህች ልጅ ግን የሚሆን ከውስጡ አጣችላት። ውሃ ሰጠቻት። ይታይሽ ውሃውን ሳትጠጣ አስቀምጣ ወጣች።

ሸንጎው በቀድሞው ባለርስት አውድማ ተሰበሰበ። የመንደሩ ሰው በሙሉ መጣ። የመሬት ነገር ሲባል የሚቀር ነበር፤ የሴት ነገር ሲባል ግን አንድ አልቀረም። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀመጡ። ይታይሽ ከዳር ብቻዋን ነበረች። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የለም፤ ችጋር ይመስል ሸሽተዋታል።

ምናለ ተነሥቶ ስለ ሰፊው ሕዝብ ተናገረ። ስለ ጭቆና ተናገረ። ስለ ሴቶች እኩልነት ሲናገር ቁልፉን ይዳስስ ነበር። ከአጠገቡ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ በንጉሡ ጊዜ ዳኛ ነበሩ፣ አሁንም ዳኛ ናቸው። ጋቢያቸው እንኳ አልተለወጠም።

«ከሳሽ ይናገር» አሉ ካሳ።

ፈንታው ተነሣ። «እኔ እንዲያው... ልጁ...» አለና እናቱን አያት።

ሸጋዬ ብድግ አለች። «እኔ ልናገርለት! ልጁ ሲወለድ ጥፍር አለው፣ ጸጉር አለው፣ ጩኸቱ ደግሞ ገደሉን ይሰነጥቃል። የሰባት ወር ልጅ እንዲህ ነው? ቀኑን የጨረሰ ልጅ ነው! ይኸው አዋላጇ አለች፤ ትጠየቅ። በዚህች ሴት ምጥ ሰዓት እኛን አስወጥተው ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ነበር። ያለችውንም ትንገረን!»

«ልጁንስ ለምን አንጠይቀውም?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

«እመት ነሲባ ይቅረቡ» አሉ ካሳ።

ነሲባ ቀረበች። ምናለ ቀስ ብሎ «ሕዝቡ የሚፈልገው ልጁ ሳይደርስ መወለዱን ብቻ ነው። ሌላው አያስፈልግም» አላት።

«ለምን አያስፈልግም?» አለች ሸጋዬ። «ሁሉንም ትንገረን እንጂ!»

«ልክ ናት! ሁሉንም!» አለ ሰው። ድሮ በባልቴት አፍ የነበረው አሁን የጉባኤ ድምፅ ሆነ።

ካሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመት ነሲባ፣ በቁርአንዎ ይማሉና ይናገሩ።»

«በቁርአን ለአላህ ነው የሚማል፤ ለአውድማ አይደለም።»

«እንግዲያው ሳይምሉ ይናገሩ። ሕዝቡ ጠየቀዎት። ከሕዝብ የሚደበቅ ምስጢር የለም፤ ዘመኑ ነው።»

ነሲባ ዞር ብላ አየቻቸው። በክፉው ቀን አንዱ የሌላውን በር ያላንኳኳ ሰው ነው ይህ። ስንዴው በጓሮ ሲወጣ አይቶ ዝም ያለ ሰው ነው። ያኔ ለይታይሽ አንድ ጣሳ ገብስ ያልነበረው መንደር ዛሬ አንድ አውድማ ሙሉ ጆሮ አለው። ይታይሽን አየቻት። ልጁን ታጠባለች፤ ቀና ብላ አታይም።

ዝም ብላ ብትመለስ ዝምታዋ በልጅቷ ላይ ይፈርዳል። ይህን ታውቃለች። ብትናገርም የእናቷን አደራ ትበላለች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ የነገረቻት አልበቃትም።

«ልናገር?» አለች።

«ይናገሩ!»

«እሺ። ከማን ልጀምር?»

«እንዴት ከማን?» አሉ ካሳ።

«እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኛውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹን እናቴ ናት ያወጣች፤ እኔም ውሃ አቀባይ ነበርሁ፤ ጆሮም ነበረኝ። እናንተን ስታምጥ ያልተናገረች እናት የለችም። ለይታይሽ ብቻ ከተናገርሁ አድልዎ ነው፤ እኩልነት ነው አላላችሁም? በእርስዎ እናት ልጀምር ጋሽ ካሳ? በሊቀ መንበሩ እናት? ወይስ እንደ ስንዴው ትሰለፉና አንድ በአንድ ትቀርባላችሁ?»

አውድማው ላይ የሚሰማ የልጁ የመጥባት ድምፅ ብቻ ሆነ።

ካሳ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ከኋላ ሆኖ ልጁ ይጠየቅ ያለው ሰው የጫማውን ክር ያስር ጀመር፤ ጫማው ክር የለውም። ወንዶቹ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት መሬት መሬት ያያሉ፤ እያንዳንዱ በሆዱ አባቱን ይቆጥራል። ሴቶቹ ዘንድ ነገሩ የባሰ ነበር። በምጥ ያለች ሴት ብዙ ጊዜ የተናገረችውን አታስታውስም። ይኸ ነው ጉዱ። ያስታወሰች ብትኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር አላልሁም ብላ ቀና ትል ነበር። አንዲትም ቀና ያለች አልነበረችም።

«ይኸ... ይኸ ከአጀንዳው ውጪ ነው» አለ ምናለ።

«ሁሉንም ተባለ እኮ» አለች ነሲባ። «ሸጋዬ ናት ያለች። እንግዲያው በሸጋዬ ልጀምር፤ ፈንታውን ስትወልድ ብቻችንን ነበርን።»

ሸጋዬ ፊቷ አመድ መሰለ። ነሲባን አየች፣ ልጇን አየች። ከዚያ ከተቀመጠችበት ተነሥታ አውድማውን አቋርጣ ሄደች፤ ሕፃኑን ከይታይሽ ጡት ነጥቃ ወደ ላይ አነሣችው። ልጁ ጮኸ።

«ልጁ የልጄ ነው!» አለች። «አፍንጫውን እዩት። የፈንታው አፍንጫ ነው።»

«አሁን ‹ያንተ አይደለም› ስትዪ አልነበረም?» አለ ፈንታው።

«አሁን አየሁት! ዓይኔ ደክሞ ነበር። አንተም ዝም በል፤ የሰባት ወር ልጅ ጥፍር ያወጣል፤ አንተም አውጥተህ ነበር!»

ካሳ ጋቢያቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ ከሳሽ ከተወ ሸንጎው ምን ያደርጋል? ታርቀዋል። ይጻፍ» አሉ። ምናለ «ሕዝቡ በእርቅ ፈጽሟል» ብሎ እጁን አነሣ። ሰውም አጨበጨበ። ሊሰማ የመጣውን ሳይሰማ በመቅረቱ እንዲህ ደስ ብሎት ያጨበጨበ ጉባኤ ነሲባ አላየችም።

አንድ ነገር ግን አየች። ፈንታው አላጨበጨበም። እናቱን እያየ ነበር። በዓይኑ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ገብቷል፤ ከእንግዲህም አይወጣም።

ነሲባ ብቻዋን ወደ ቤቷ ወጣች። በመንገድ ስታስበው መሳቅ ቃጣት፤ አልሳቀችም። ሴት በምጧ የምትለው መቼም ያው ነው። ውሃ ትላለች። እናቴን ጥሩልኝ ትላለች። ይኸን ሰውዬ ዓይኑን አያሳየኝ ብላ ባሏን ትሰድባለች። ስም የምትጠራው ከስንት አንዷ ናት። ያ ሁሉ ጋቢ የተከናነበ ወንድ የፈራው ባዶ ጠመንጃ ነበር። ይህን ብትነግራቸው በቀና ራስ ይሄዱ ነበር፤ አልነገረቻቸውም። መንገር አይገባትም፤ ደግሞም በቀና ራስ መሄድ አልተገባቸውም።

ይታይሽ ከባሏ ቤት ሳትወጣ ቀረች። መሬቱ ሲደለደል ልጇ ከተቆጠሩት አፎች አንዱ ሆነ። ነሲባን መንገድ ላይ ስታገኛት አንገቷን ሰብራ ሰላም ብላ ታልፋለች። ምናለም ሊቀ መንበር ሆኖ ቀጠለ፤ እንዲያውም ለእርቁ ተመሰገነ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እሱ የሚቆጨው አይመስልም።

ክረምቱ በገባ ጊዜ ሐረግ የምትባል ወጣት አማጠች። የበኩር ልጇ ነው። ባሏ እየሮጠ መጥቶ ነሲባን ጠራት። ነሲባ ዝናቡን ተከናንባ ደረሰች። ደጃፍ ላይ የቆሙት ወንዶች እሽ ሳትላቸው ራሳቸው መንገድ ለቀቁላት። በፊት ሲለቁ እየሳቁ ነበር። አሁን ግን የሚለቁላት ለዳኛ እንደሚለቀቅ ነው።

ገባች። ሴቶቹ ሲያዩዋት አንድ በአንድ ሾልከው ወጡ። ሐረግ ከምሰሶው ተደግፋለች። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነክሳዋለች።

«ምንድን ነው ይኸ? አውጪው፤ ትንፋሽ ያሳጥርሻል።»

ሐረግ ራሷን ነቀነቀች።

ነሲባ እጇን ታጠበች። አጠገቧ ተንበረከከች። ሆዷን ዳሰሰች፤ ልጁ በደህና ተመቻችቷል። ምጡ ሲመጣ ልጅቷ ሰውነቷ ሁሉ ተገተረ፣ እንባዋ ጉንጯን አጠበው፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ነሲባ ጨርቁን ልትስብላት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች። ነሲባን በፍርሃት ነበር የምታያት።

«ጩኺ ልጄ» አለቻት። «አብሽሪ። ጩኺ፤ ስደቢው ባልሽን። እኔ እንኳንስ ለሰው ለራሴም አልነግርም።»

ሐረግ ጥርሷን ይበልጥ ነከሰች።

ነሲባ በዚያ አውድማ ላይ ምን እንደ ከፈለች ያኔ ገባት። አንድም ምስጢር ሳታወጣ ነበር አፏን የከፈተችው። ይታይሽን አትርፋለች፤ ይኸ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ይታይሽ «ምኔ ናት?» ያለቻት ያቺ ሌላዋ፣ ይቺው ፊቷ ተቀምጣ ጨርቅ ትነክሳለች። ነሲባ ብዙ ሰው ንቃለች። በዚያ ቀን ግን ተራው ደረሳት፤ ራሷን አላስቀረችም።

ጨርቁን ለቀቀችላት። ወገቧን ይዛ፣ ላቧን እየጠረገች፣ ምጥ በመጣ ቁጥር በእሷ ፈንታ ራሷ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ቆየች። ሴት ልጅ ተወለደች። ሐረግ ጨርቁን ከአፏ ያወጣችው ልጇ ከጮኸች በኋላ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ነሲባ ዶማውን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። መሬቱ ለስልሶ ነበር፤ ጉድጓዱ ቶሎ ጠለቀ። የእንግዴ ልጁን አስቀመጠች፣ አፈሩን መለሰች፣ በተረከዟ ረገጠችው። «ቃሉም» ብላ ጀመረችና አቆመች። ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚቀበር ቃል አልነበረም።